ሆረርና ዳርክ ፋንታሲ፦ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ጥያቄዎች

የሚያስፈራ መጽሐፍ እንደማነብ የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ ነገር አንድ ዓይነት ነው። ግማሹ «ጤነኛ ነህ ግን?» ይላል። ግማሹ ደግሞ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «እስቲ አንድ ጥሩ ጠቁመኝ» ይላል። ሐይቁ ዳር ቡና ስንጠጣ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ተጠይቄ አውቃለሁ። መልሱን አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ሐያሲ አይደለሁም፤ ባሕር ዳር ተቀምጦ ያገኘውን የሚያነብ ሰው ነኝ። ዓመቶቹ ካልተናገርኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የታሪክ ምስጢር የማወጣበት ቦታም አለ፤ የማይፈልግ ዘሎ ይለፍ።

ኑሮው አንሶን ነው ደግሞ የሚያስፈራ መጽሐፍ?

ይቺን ያልጠየቀኝ የለም። ኑሮው ያስፈራል፣ ልክ ነው። ግን እኔን ጭራቅ አይደለም የሚስበኝ። ጥሩ ሆረር ስታነብ አንድ ቦታ ላይ «እኔ ብሆንስ?» ማለትህ አይቀርም፤ እዚያች ጋ ነው የሚይዝህ። መጥፎው ደግሞ ጣቱን ወደ ሌላ ሰው ይቀስርና «እሱን ፍራ» ይልሃል። መለኪያዬ በቃ ይሄ ነው።

የስቲቨን ኪንግን «ፔት ሴማተሪ» እንውሰድ፣ 1983 የወጣውን። አንድ ሐኪም ቤተሰቡን ይዞ ገጠር ቤት ይገባል። በደጁ የጭነት መኪና እየበረረ ያልፋል። ከቤቱ ጀርባ፣ ጫካው ውስጥ ደግሞ የቀበሩበትን የሚመልስ መሬት አለ። የሚመለሰው ግን ያው የቀበሩት አይደለም። ሐኪሙ ይሄን ያውቃል፤ በድመት አይቶታል። ከዚያ ትንሹ ልጁ መንገዱ ላይ ይሞትበታል። ከዚህ በኋላ መጽሐፉን ይዘህ «ተው፣ አታድርገው፣ ተው» እያልክ ነው የምታነበው፤ አካፋውን ሲያነሳ ግን አትፈርድበትም። ልጅ ያለው ሰው ይሄን አንብቦ «እኔ አላደርገውም» ካለ ውሸቱን ነው። ኪንግ ራሱ እንዲህ ያለ መንገድ ዳር ኖሯል፤ የሴት ልጁ ድመትም እዚያው ተገጭታ ሞታለች። ጽፎ ሲጨርስ ለራሱም በዛበትና ለጊዜው አስቀምጦት ነበር።

ሆረርና ዳርክ ፋንታሲ ምንና ምን ናቸው?

ሆረር የምናውቀው ዓለም ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ነው። ዳርክ ፋንታሲ ላይ ዓለሙ ራሱ ሌላ ነው፤ አስማት አለ፣ መንግሥታት አሉ፣ ጦርነት አለ። ግን አስማቱ ዋጋ ያስከፍላል፣ የጀግናውም እጅ ንጹሕ አይደለም። ድንበሩ ላይ ብዙ አልጨቃጨቅም።

ምሳሌ ለሚፈልግ የግሌን ኩክ «ዘ ብላክ ካምፓኒ» አለ፣ 1984። በገንዘብ የሚዋጋ ጦር ነው፤ የሚቀጥራቸው ደግሞ የክፋቱ ወገን ነው። ታሪኩን የሚነግረን የጦሩ ሐኪም ነው፣ ሐኪምም ዜና መዋዕል ጸሐፊም። የእኛን የነገሥታት ዜና መዋዕል ያነበበ ሰው ይሄን ሰውዬ ወዲያው ያውቀዋል። ጓዶቹን ስለሚወድ የሠሩትን ክፉ ነገር እያለሳለሰ ይጽፋል፤ ማለሳለሱንም ራሱ ያምናል። አንተም ሳታስበው ከክፉዎቹ ጋር ሆነህ ታሸንፋለህ። ደስ እያለህ! ይሄ ነው የሚያስደነግጠው።

ኃጢአት አይደለም ወይ? (እማዬን ጨምሮ)

የንስሐ አባት የሚመልሰውን ጥያቄ እኔ አልመልስም። ሙስሊም ጓደኞቼም ስለ ጂን ያለበት መጽሐፍ ሲሆን እንዲሁ ይጠይቁኛል፤ ለነሱም መልሴ ያው ነው። ግን አንድ ነገር ልበል። እዚህ ጣና ላይ የሚኖር ሰው «እንዲህ ዓይነት ታሪክ ለእኛ ባዕድ ነው» ካለኝ አልቀበለውም።

ጀልባ ይዛችሁ ዘጌ ሂዱ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቡና ግድግዳውን ቀና ብላችሁ እዩ። በላዔ ሰብ እዚያ አለ። ታሪኩን ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ስለሰማነውም ነው መስማት ያቆምነው። እስቲ እንደ አዲስ አንብቡት። ሰውየው እንግዳ ተቀባይ ነው፣ እንደ አብርሃም ሥላሴን በቤቱ ማስተናገድ የሚመኝ ደግ ሰው። ሰይጣን በሦስት ሽማግሌ ተመስሎ ይመጣል። ያስገባቸዋል፣ ያርድላቸዋል። እነሱ ግን ልጅህን እረድልን ይሉታል። ያርዳል። ከዚያ አንተ ቅመስልን ይሉታል። ይቀምሳል። እንግዶቹ ይሰወራሉ፤ እሱ ከዚያች ጉርሻ በኋላ ሰው አይደለም። ቤተሰቡን ይበላል፣ ከቤት ይወጣል፣ መንገደኛ ይበላል፤ ሰባ ስምንት ነፍስ እስኪሞላ።

ይሄን ፈረንጅ ጽፎት ቢሆን ኖሮ ፊልም ሆኖ ነበር።

መጨረሻውን ታውቁታላችሁ። በውሃ ጥም የተቃጠለ ምስኪን ያገኛል። ሰውየው በእግዚአብሔር ስም ይለምነዋል፣ አይሰማም። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል። ሞቶ ሲመዘን ሰባ ስምንቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ጥርኝ ውሃዋ በሌላ ወገን ትሆናለች፤ እመቤታችን ጥላዋን ታሳርፍበትና ውሃው ሚዛን ይደፋል። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ስትነገሥ የሚነገረው ይሄ ነው። ሰባኪው ስለ ምሕረት ነው የሚያስተምርበት፣ ደግም ያደርጋል። እኔ እንደ አንባቢ ግን ሁለት ቦታ ላይ ነው ሁልጊዜ የምቆመው። አንዱ ክፋቱ በሰውየው ደግነት በኩል መግባቱ ነው፤ በሩን ራሱ ከፍቶለት። ሁለተኛው የተበሉት ሰዎች ናቸው። ሚዛኑ ላይ ሲቀመጡ ምን አሉ? ማንም አይጠይቃቸውም። ዳርክ ፋንታሲ የምንለው ዘውግ በሙሉ እዚህ ግድግዳ ላይ አለ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

እማዬ ይሄን ስነግራት «አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ታወሳስበዋለህ» ነው ያለችው። ማንበብ ግን አልከለከለችኝም።

ድራኩላ ያረጀ አይደለም? አሁንም ያስፈራል?

የመጀመሪያው ክፍል ያስፈራል። መሀሉ ይጎተታል፣ ስብሰባ ይበዛበታል። ብራም ስቶከር 1897 ያሳተመው ነው፤ በማስታወሻ ደብተር፣ በደብዳቤ፣ በቴሌግራም እየተቆራረጠ ነው የሚነገረው። የሚገርመው ስቶከር ትራንሲልቫኒያን በእግሩ ረግጧት አያውቅም።

ቆጠራዬ ውስጥ የሚገባው በአንድ ነገር ነው። ደም መጣጩ ድራኩላ የቤቱ ሰው «ግባ» ካላለው መግባት አይችልም። አንዴ ከተጋበዘ በኋላ ግን እንደ ልቡ ነው። አገሩ ላይ ገበሬው ሁሉ አውቆበታል፣ ነጭ ሽንኩርትና መስቀል ይዞ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ለንደን ይሄዳል፣ ቤት ይገዛል፣ ጨዋ መኳንንት ሆኖ ይቀመጣል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ለዚህ ሰውዬ ነው የተተረተው።

እሺ፣ ከየት ልጀምር? እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አይደለም።

ከአጭር። ስምንት መቶ ገጽ ፒዲኤፍ ከቴሌግራም አውርዶ ስልክ ላይ መታገል ሰው ከማንበብ ያስጠላል። የኤድጋር አለን ፖ «ዘ ቴል ቴል ኸርት» ጥቂት ገጽ ናት፤ 1843 ወጣች፣ አሁንም ትሠራለች። ገዳዩ ራሱ ነው የሚያወራው፣ እብድ አለመሆኑን ሊያስረዳህ እየታገለ።

ቀጥሎ የሸርሊ ጃክሰን «ዘ ሎተሪ»። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ የሰፈር ወሬ ይመስላል። ጸሐይ የወጣበት ማለዳ ነው፣ ልጆች ድንጋይ ይሰበስባሉ፣ አባወራዎች ስለ እርሻና ስለ ግብር ያወራሉ። ዓመታዊ ዕጣ ሊወጣ ነው። የዕጣውን ምንነት አልነግራችሁም። 1948 ኒውዮርከር መጽሔት ላይ ሲወጣ አንባቢው በቁጣ ደብዳቤ አጥለቀለቃቸው፤ ደንበኝነቱን የሰረዘም ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ይሄ ነገር የትኛው አገር ነው የሚደረገው ብሎ ጠይቋል።

ከነዚህ በኋላ ነው ረጅሙ።

ሌሊት ብቻዬን አንብቤ ዱካክ ያዘኝ። ምን ይሻላል?

ቀን አንብብ።

ከልቤ ነው። «ሆረር በሌሊት፣ መብራት ሲጠፋ ነው የሚጥመው» የሚል ጀብደኛ አለ፤ መብራት ለራሱ ይጠፋል፣ ምን አስቸኮለን። ጥሩ መጽሐፍ በጠራራ ፀሐይም ይሠራል። የጃክሰን «ዘ ሆንቲንግ ኦፍ ሂል ሃውስ» ላይ ያለች አንዲት ትዕይንት ሐይቁ ዳር በቀትር ቁጭ ብዬ ሳነባት ነው አንገቴን ያስዞረችኝ። ሁለት ሴቶች በአንድ ክፍል ተኝተዋል። ጨለማ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ ይሰማል፤ ማጉረምረም፣ ቀጥሎ የልጅ ልቅሶ። አንደኛዋ የጓደኛዋን እጅ አጥብቃ ይዛለች፣ ጣቶቹ እስኪያሟት። በመጨረሻ ትጮኻለች፣ መብራት ይበራል። ጓደኛዋ ክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ያለው አልጋዋ ላይ ናት፣ ገና ከእንቅልፏ መንቃቷ ነው።

ታዲያ የማንን እጅ ነበር የያዘችው?

በቃ፣ መልስ የለም። ምዕራፉ ያልፋል። መጽሐፉ በሙሉ መንፈስ የሚባል ነገር አንዴም ፊት ለፊት አያሳይም። 1959 የተጻፈ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈው የተጠላ ቤት ታሪክ አብዛኛው የዚህ መጽሐፍ ባለዕዳ ነው።

ደም በደም የሆነውንስ ትወዳለህ?

አልወድም። አንጀት ሲዘረገፍ መጀመሪያ ትዘገንናለህ፣ ሦስተኛው ላይ ታዛጋለህ። ቅርጫ የተካፈለ ሕዝብ በደም አይደነግጥም።

ስለ ቡዳ ለምን ሆረር አንጽፍም? ቁሳቁሱ ሞልቶናል እኮ።

ይሄ ጥያቄ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ሊጽፉ ከሚያስቡ ወጣቶች ነው የሚመጣልኝ። ቁሳቁሱ አለን፤ ቡዳ፣ ዛር፣ መተት፣ ድግምት፣ በሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው። ችግሩ ቡዳ ተረት ውስጥ ብቻ የሚኖር ፍጡር አለመሆኑ ነው። ስም ተለጥፎበት የኖረ ሰው አለ፤ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው። ማረሻችንን የሠራልን፣ ጀበናችንን የሠራችልን ሰው። በዚህ ስም ጋብቻ የተከለከለ፣ ማኅበር ያልተቀላቀለ፣ ልጅ በታመመ ቁጥር በዓይን የተፈለገ አለ።

«ሸክላ ሠሪዋ ሌሊት ጅብ ሆነች» ብሎ የሚጽፍ ልጅ ጎበዝ ጸሐፊ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። አንባቢው አምኖለት ነገ ገበያ ሲሄድ ጀበና ከምትሸጠዋ ሴት ፊቱን ያዞራል። ጣት መቀሰር ያልኩት ይሄን ነው። ሆረር በዚህ በኩል ሲገባ አሉባልታ ነው፣ ጥራዝ የለበሰ አሉባልታ።

ገልብጡት። መንደሩ ውስጥ አንድ ሕፃን ታመመ እንበል። ታሪኩን የቀጥቃጩ ልጅ ትናገረው። ትናንት አብራቸው ውሃ የቀዳች ሴቶች ዛሬ ሲያዩዋት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ያስጠጋሉ። ማታ በር ላይ የሰው ኮቴ ይሰማል፤ አባቷ መዶሻውን አስቀምጦ ያዳምጣል። ጅብ አያስፈልግም። ሰፈሩ ይበቃል። ከላይ «ዘ ሎተሪ»ን ያነበበ ሰው ምን እንደምል ገብቶታል።

ይሄን የሚጽፍልኝ ካለ ገዝቼ አነባለሁ፣ ለሰውም እገዛለሁ።

በአማርኛ የሚመከር ሆረር የለም?

በዘውግ ደረጃ ሆረር ብሎ የቆመ ብዙ አላገኘሁም። «ዴርቶጋዳ» ሆረር ነው ወይ የሚለኝ አለ፤ አይደለም። የይስማዕከ ወርቁ መጽሐፍ የስለላና የምስጢር ልብ ወለድ ነው፣ ሌላ ነገር ነው።

ግን የአማርኛ ልብ ወለድ ከእኛ ሐይቅ ዳር መነሣቱን ሰው ይረሳዋል። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ተወላጅ ናቸው። ዛሬ «ጦብያ» የምንለውን መጽሐፍ በ1900 በእኛ አቆጣጠር ሮም ላይ አሳተሙት። ቡናና ገዳም ካለበት ጫካ የወጣ ልጅ ነው ይሄን በር የከፈተው። ሆረሩን የሚጀምረው ሰው ከዚሁ ቢወጣ አይገርመኝም።

እስከዚያው አያቶቻችን የሚነግሩንን አትናቁ። ተረቱ ራሱ አይደለም ዋናው፤ አነጋገራቸው ነው። የእኔ አያት ስለ ጅብ ስታወራ «ጅብ» አትልም ነበር፣ በሌላ ስም ነበር የምትጠራው፤ እንዳይሰማ። ይሄ ብቻውን ከብዙ ገጽ ይበልጣል።

አፍሪካዊ ወይም የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ያለበትስ?

የናይጄሪያው አሞስ ቱቱኦላ «ዘ ፓልም ዋይን ድሪንካርድ»፣ 1952። እንግሊዝኛው የራሱ ነው፣ ሰዋስው አይጠብቅም፤ በጊዜው የተማሩ ናይጄሪያውያን አፍረውበታል፣ ውጭ አገር ደግሞ ወደዱት። ውስጡ አንዲት ቆንጆ ልጅ አለች፣ ባል አልመርጥ ያለች። ገበያ ውስጥ እንከን የሌለው መልከ መልካም ሰው ታያለች፣ ተከትላው ትሄዳለች። ጫካው ውስጥ ሰውየው ይቆምና እግሮቹን ለባለቤታቸው ይመልሳል። ተከራይቷቸው ነበር፤ ኪራዩንም ይከፍላል። ትንሽ ሄዶ ሆዱን ይመልሳል፣ ቀጥሎ ክንዶቹን። እየተሳበ ይሄዳል። በመጨረሻ የራስ ቅል ብቻ ሆኖ እየዘለለ ይከተላታል። ሳቅህን ሳትጨርስ ነው የምትፈራው፤ እንዲህ የሚያደርግ ደራሲ ብዙ አላየሁም።

የቶኒ ሞሪሰን «ቢላቭድ» ደግሞ አለ፣ 1987። ሥነ ጽሑፍ ነው ብለው ከሆረር መደርደሪያ ያርቁታል፤ ለእኔ ሆረር ነው። ከባርነት ያመለጠች እናት አዳኞቹ ሲደርሱባት ሕፃን ልጇን ወደዚያ ከምትመለስ ብላ በገዛ እጇ ትገድላታለች። ዓመታት አልፈው አንዲት ወጣት ሴት ቤቱ ደጅ ላይ ትመጣለች። መነሻው እውነት ነው፣ በ1856 ማርጋሬት ጋርነር የምትባል ሴት ላይ የደረሰ። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። እኔ መሀል ላይ አስቀምጬ ሌላ ነገር አንብቤ ነው የተመለስኩት።

የማርሎን ጄምስን «ብላክ ሌፐርድ፣ ሬድ ዉልፍ» የሚመክር ብዙ ነው። 2019 ወጣ። ከአፍሪካ አፈ ታሪክ የተቀዳ ዓለም ነው፣ ሐሳቡ ትልቅ ነው። እኔን ግን አደከመኝ። ግፉ ስለማይቆም ከሆነ ቦታ በኋላ መስማት ታቆማለህ። የወደደው ይወዳል፤ አልከራከርም።

ላቭክራፍትን ለምን አታደንቅም?

ግማሹን አደንቃለሁ። አሜሪካዊ የሆረር ጸሐፊ ነው፤ ሰውየው በዘረኝነት የታወቀ ነው፣ ደብዳቤዎቹ ላይ በግልጽ አለ። ታሪኮቹ ውስጥም ሲገባ ፍርሃቱ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው፣ የተቀላቀለ ዘር፣ ያልገባው ቋንቋ ይሆናል። ያኔ መጽሐፉን እዘጋለሁ። እሱ የሚፈራው እኔን ነው፤ እኔ አብሬው ልፈራ እንዴ?

«ዘ ከለር አውት ኦፍ ስፔስ» ግን ሌላ ነው፣ 1927። ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የአንድ ገበሬ ጉድጓድ አጠገብ ያርፋል። ዛፎቹ ከወትሮው የበለጠ ፍሬ ይሰጣሉ፣ ትልልቅ፣ የሚያምር። ሲቀመስ ይመራል። ቤተሰቡ አንድ በአንድ ይደክማል። ውሃው መበላሸቱን እያወቁ ከዚያው ጉድጓድ ይጠጣሉ፣ ጥለው መሄድም አይችሉም፤ መሬታቸው ነውና። ውሃ ዳር የምንኖር ሰዎች ይሄን ታሪክ ከአሜሪካኖቹ የበለጠ እንረዳዋለን ባይ ነኝ።

ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም አይደል?

አይደለም። የሠሪው ስም ነው፤ ፍጡሩ ስም የለውም። መጽሐፉ የተወለደበት ሁኔታ ግን ለእኛ ለክረምት ልጆች የሚጥም ነው። በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ያወጣው ብናኝ ሰማዩን ሸፍኖ የሚቀጥለው ዓመት አውሮፓ በጋ አልባ ሆነች። በ1816 ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ለሽርሽር የመጡ ወጣቶች ዝናቡ ከቤት አላስወጣ አላቸው። ባይረን የሚባለው ባለቅኔ እያንዳንዳችን የሚያስፈራ ታሪክ እንጻፍ አለ። ሜሪ ሼሊ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። መጽሐፏ በ1818 ያለ ስሟ ወጣ።

ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ዋናውን ቦታ አያውቀውም። ፍጡሩ ከአንድ ጎጆ ጎን ተደብቆ በግድግዳው ስንጥቅ ቤተሰቡን እያየ ቋንቋ ይማራል፤ ሌሊት እንጨት ለቅሞ ደጃቸው ያስቀምጥላቸዋል። አንድ ቀን ደፍሮ ዓይነ ስውሩ አባት ብቻቸውን ሲሆኑ ይገባል። ሽማግሌው በደንብ ያነጋግሩታል። ልጆቹ ይመለሳሉ፣ መልኩን ያያሉ፣ ዱላ ይነሣል። ክፋቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት በሩን ከፍቼ የምገባው ልጅ ብሆን የማነሣው ዱላውን ነበር፤ ይሄን ማወቅ ደስ አይልም።

ማንጋ ይቆጠራል?

ማንጋ ማለት የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ነው፤ ለምን አይቆጠርም። «በርሰርክ» ከ1989 ጀምሮ የወጣ ነው፤ በዳርክ ፋንታሲ ከእሱ የሚስተካከል ልብ ወለድ ጥቂት ነው። ደራሲው ኬንታሮ ሚዩራ በ2021 ሳይጨርሰው ሞተ፤ መጨረሻውን የነገረው ጓደኛው ኮጂ ሞሪ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ቀጥሎታል። ማዕከሉ አንድ ሰው ለሕልሙ ሲል አብረውት የተዋጉትን ጓዶቹን አሳልፎ መስጠቱ ነው። የአዋቂ ነው፤ አስገድዶ መድፈር አለበት፣ ለታናሽ ወንድማችሁ እንዳታወርዱለት።

ፊልሙን ባየው አይበቃም?

ፊልም በድምፅ ያስደነግጣል። ድምፁን ዝጋና እየው፣ ግማሹ ይጠፋል።

ባሕር ዳር ላይ ሆረር ቢጻፍ ምን ይሆን ነበር?

ሰነፍ ደራሲ በቀጥታ ዳጋ እስጢፋኖስ ይሄዳል። እነ ዘርዓ ያዕቆብና ፋሲለደስ አፅማቸው እዚያ ስላለ ሌሊት ይነሣሉ ምናምን ብሎ ይጽፋል። ተዉአቸው፣ ይረፉ። ታንኳ የሚሠሩትን የነገደ ወይጦ ሰዎች «ምስጢራዊ» አድርጎ የሚጽፍም ይመጣል ብዬ እሰጋለሁ፤ ያ ደግሞ ከላይ ስለ ቡዳ ያልኩት ነው።

እንቦጭ አለ። በ2011 ጣና ላይ ታየ፤ አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል፣ ሰው ፎቶ ይነሣበታል። ሥሩ ስር ዓሣው ይታፈናል፣ ጀልባው ይያዛል። ሕዝቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ከርሟል፤ ነቅለህ ስትመለስ እንደገና አለ። ላቭክራፍት ይሄን ቢያይ ምን ይል ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

እኔ ማንበብ የምፈልገው ግን የእንግዳውን ታሪክ ነው። ሐምሌ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው። አንድ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። ፈረንጁ ድራኩላን «አትግባ» ማለት ይችላል፣ መብቱ ነው። እኛ እንችላለን? እናትየው ፊቱ ላይ አንድ ነገር አይታለች፣ ልቧ ፈርቷል። አባትየው ደግሞ የመሸበትን ሰው ከደጁ መልሶ የማያውቅ ነው፣ ጎረቤትም ይሰማል። ውሃ ሞቆ እግሩ ይታጠባል። ከመሶቡ ትልቁ ድርሻ ለእሱ ይቀርባል። እንግዳው ግን አይበላም፤ «መጀመሪያ እናንተ ቅመሱልኝ» ይላል። ይሄን ጻፉልኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በላዔ ሰብ አስቀድሞ ነግሮናል።

መጽሐፍ ታውሳለህ?

አላውስም። እዚህ ከተማ ሆረር በወረቀት ማግኘት ቀላል አይደለም፤ አሮጌ መጽሐፍ ከሚያዞሩት ልጆች በዕድል ነው የሚገኘው፣ የተዋሰ ሰው ደግሞ አይመልስም። ቤት መጥቶ ማንበብ ግን ይቻላል። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፣ ቁርሱን ይዛችሁ ኑ።